በባለ አራት ጎማ ሞተር ላይ አዲስ የጭስ ማውጫ አገጣጠም፦ ከመፍታት እስከ መጨረሻው ማጥበቅ

አዲስ የጭስ ማውጫ ገጥመው ብዙም ሳይቆዩ ቱቦው የተሰነጠቀባቸው፣ ጭስ ከመገጣጠሚያው የሚያፈስባቸው ወይም ማርሚታው (ድምፅ የሚቀንሰው የኋላው በርሜል) ከሻንሲው (ከተሽከርካሪው የብረት አጽም) ጋር የሚንኳኳባቸው ሰዎች በአብዛኛው የሠሩት ስሕተት አንድ ነው። ቱቦው በራሱ ቦታውን ሳይይዝ በብሎን ኃይል ጎትተው አስረውታል። እንዲህ የታሰረ ቱቦ ሲግልና ሲበርድ፣ ሞተሩም ሲንቀጠቀጥ ጭንቀቱ ሁሉ በብየዳው ላይ ያርፋል፣ ከዚያም ብየዳው በመጀመሪያ ይሰነጠቃል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ ይህን ለማስቀረት የተዘጋጀ ነው። መመሪያው ባለ አራት ምት ሞተር ላላቸው ተሽከርካሪዎች ነው። በባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ የቱቦው ቅርጽ ራሱ የሞተሩን ጉልበት ስለሚወስን የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ከመጀመርዎ በፊት፦ የያዙት የትኛውን ዓይነት ነው?

ሁለት ዓይነት ምርጫ አለ። አንደኛው ማርሚታውን ብቻ የሚተካ ሲሆን ከኋላ በኩል ካለው መገጣጠሚያ ይጀምራል፤ ከሞተሩ የሚወጣው የፊት ቱቦ ግን ባለበት ይቆያል። ሁለተኛው ከቴስታታው (ቱቦው ከሚነሣበት የሞተሩ የላይኛ ክፍል) ጀምሮ እስከ መጨረሻው ጫፍ ሁሉንም የሚተካ ሙሉ ስብስብ ነው። የመጀመሪያው ቀላል ከመሆኑም በላይ የቴስታታውን ብሎኖች መንካት አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ይህ የመጀመሪያ ሥራዎ ከሆነና ሞተሩም ያረጀና የዛገ ከሆነ በዚህ ቢጀምሩ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ማርሚታውን ብቻ የሚቀይሩ ከሆነ ስለ ቴስታታው አፍ የሚናገረውን ክፍል ዘለው ማለፍ ይችላሉ።

ሳጥኑን ሲከፍቱ አሮጌውን ከመፍታትዎ በፊት አዲሱን መሬት ላይ ዘርግተው ከተሽከርካሪው ጋር ያስተያዩ። ሦስት ነገሮችን ይመርምሩ። የመያዣ ጆሮዎቹ አቀማመጥ ከሻንሲው ቀዳዳዎች ጋር ይስማማል? ሞተርዎ ነዳጅ የሚረጨው በኤሌክትሮኒክስ ከሆነና በአሮጌው ቱቦ ላይ የኦክስጅን ሴንሰር ካለ፣ በአዲሱም ላይ ለእሱ የተዘጋጀ ባለ ጥርስ ቀዳዳ አለ? ከማርሚታው ጫፍስ የእሳት ፍንጣሪ የሚይዝ የብረት መረብ ገብቷል? ይህ መረብ የጋለ የካርቦን ፍንጣሪ ወደ ደረቅ ሣር እንዳይወጣ የሚከለክል ነው፤ በደንና በሜዳ የሚነዱ ከሆነ ያለ እሱ አይግጠሙ። የሴንሰር ቀዳዳ ከሌለ ደግሞ ሴንሰሩን በሽቦ አንጠልጥሎ መሄድ መፍትሔ ስላልሆነ ዕቃውን ይመልሱ።

ደረጃ 1፦ መሣሪያውንና ቦታውን ማዘጋጀት

ሥራው የሚጀመረው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ በርዶ ነው። በቅርቡ የጠፋ ሞተር ቱቦ ጥቁር ሆኖ እየታየም ቆዳ ይልጣል፤ ስለዚህ ለሰዓታት ይተዉት፣ ቢቻል ሌሊቱን ሙሉ ይደር። ተሽከርካሪውን በደልዳላ ወለል ላይ ያቁሙ፣ የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ ጎማዎቹን በድንጋይ ወይም በእንጨት ያስደግፉ። ሴንሰር ካለ ወይም የነዳጅ መቆጣጠሪያ የሚጨምሩ ከሆነ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ይንቀሉ።

የሚያስፈልግዎ የሚከተለው ነው፦ ቡሶላና ማራዘሚያው፣ የማጥበቂያውን ኃይል በኒውተን ሜትር የሚያሳይ ቁልፍ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ፣ ሞላ የሚጎትት መንጠቆ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ዝገት ማላቀቂያ ፈሳሽ፣ ለከፍተኛ ሙቀት የተሠራ የጥርስ ቅባት፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ አልኮል ወይም አሴቶን፣ የዓይን መከላከያ መነጽርና ጓንት። ከእነዚህ ሁሉ በላይ አዲስ ጓርኒዚዮን (በቱቦውና በቴስታታው መካከል ገብቶ ጭስ እንዳያፈስ የሚያሽግ ቀለበት) ይግዙ። ከስብስቡ ጋር ካልመጣ፣ ያለ እሱ ሥራውን አይጀምሩ።

ደረጃ 2፦ አሮጌውን መፍታት

ቱቦውን የሚሸፍኑትን ፕላስቲኮች፣ መቀመጫውንና የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮውን ያንሡ። ብሎኖቹን ከየት እንዳወጡ እያስተዋሉ በተለያየ ዕቃ ላይ ያስቀምጡ፤ አንዳንዶቹ በርዝመት ብቻ ስለሚለያዩ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ማስገባት ጥርሱን ያበላሻል።

1. ሥራው ከመጀመሩ አንድ ቀን አስቀድሞ በቴስታታው ላይ ያሉትን ዳዶዎችና የመገጣጠሚያውን ፋሸታ (ማርሚታውንና ቱቦውን አጥብቆ የሚይዘውን ቀለበት) ዝገት ማላቀቂያ ፈሳሽ ይርጩባቸው፤ ከሰዓታት በኋላ ይድገሙት። ይህን ሥራ ለመቸኮል ብሎ ያለፈ ሰው ኋላ ላይ የተሰበረ ብሎን ለማውጣት ብዙ ሰዓት ይከፍላል።

2. ሴንሰር ካለ በመጀመሪያ የሽቦውን ሶኬት ይንቀሉ፣ ከዚያ ሴንሰሩን ይፍቱ። ሶኬቱ ሳይነቀል ሴንሰሩ ከተሽከረከረ ሽቦው ተጠምዝዞ ይበጠሳል። ካወጡት በኋላ እንዳይወድቅ ለብቻው ያስቀምጡ፣ ጫፉንም በቅባት አይንኩ።

3. ሞላዎች ካሉ በመንጠቆ ይሳቡ። ሞላ ሲያመልጥ ወደ ዓይን ይወረወራልና መነጽርዎን ሳያደርጉ አይሞክሩ።

4. የማርሚታውን የኋላ መያዣ ብሎን ያላሉ እንጂ ገና አያውጡት፤ ክብደቱን የሚይዘው እሱ ነው። ቀጥሎ የመገጣጠሚያውን ፋሸታ ይፍቱ፣ ማርሚታውን ግራና ቀኝ እያዞሩ ወደ ኋላ ይሳቡ። ከተጣበቀ በቀጥታ ከመጎተት ይልቅ መጠምዘዝ ይረዳል። አሁን የመያዣውን ብሎን አውጥተው ማርሚታውን ይቀበሉ።

5. የፊት ቱቦውን ዳዶዎች ይፍቱ። ዳዶው ሩብ ዙር ተንቀሳቅሶ ከጠነከረ በኃይል አይቀጥሉ፤ ፈሳሽ ጨምረው መልሰው ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ጥቂት ያዙሩት፣ ከዚያ እንደገና ይፍቱ። ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያመላለሱ ዝገቱን ከጥርሱ ማውጣት ይሻላል።

ዘንጉ ከተሰበረ

በቴስታታው ላይ የቆሙት ባለ ጥርስ ዘንጎች አንዳንዴ ከዳዶው ጋር አብረው ይወጣሉ፤ ይህ ጉዳት አይደለም፣ ጥርሱ ንጹሕ ከሆነ መልሰው ይተክሉታል። ከተሰበረና ጥቂት ጥርስ ከውጭ ከቀረ ሁለት ዳዶዎችን በላዩ ላይ ያስገቡና አንዱን በሌላው ላይ አጥብቀው በማቆላለፍ የውስጠኛውን ዳዶ በቁልፍ ወደ መፍቻ አቅጣጫ ያዙሩት። አልንቀሳቀስ ካለ በዘንጉ ዙሪያ ያለውን ቴስታታ ያሙቁ፤ ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ ከብረቱ ዘንግ የበለጠ ይሰፋና ዘንጉን ይለቃል። እሳት ከመለኮስዎ በፊት የነዳጅ መስመሩን፣ ፕላስቲኩንና የረጩትን ፈሳሽ ከቦታው ያርቁ፤ ነዳጅ የሚሸት ከሆነ በፍጹም አይለኩሱ። ዘንጉ ከፊቱ እኩል ሆኖ ከተቆረጠ ግን መሐሉን በትክክል መብሳት ስለሚጠይቅ፣ ልምድ ከሌለዎት ለባለሙያ ያቅርቡት። በውስጡ የማውጫ መሣሪያ ሰብረው ያመጡት ቴስታታ ከተሰበረ ዘንግ የባሰ ነው፤ የማውጫው ብረት እጅግ ጠንካራ ስለሆነ በተራ መብሻ አይበሳም።

ደረጃ 3፦ የቴስታታውን አፍ ማጽዳት

ለብዙዎች የሚያመልጣቸው ይህ ነው። አሮጌው ጓርኒዚዮን ለዓመታት ተጨፍልቆና ጠቁሮ በቴስታታው አፍ ውስጥ ሲቀር የቴስታታው አካል ይመስላል። እኔ ራሴ በመጀመሪያ ጊዜ ሳላስተውለው አዲሱን በላዩ ደርቤ አስሬ ነበር፤ ዳዶዎቹ ጠብቀዋል፣ ቱቦው ግን አፉ ላይ በትክክል ስላልተቀመጠ ሞተሩን እንዳስነሣሁ ተኩስ የሚመስል ድምፅ ከፊት በኩል ይሰማ ጀመር። ሙሉውን ዳግመኛ መፍታት ግድ ሆነብኝ።

1. በመጀመሪያ ንጹሕ ጨርቅ ወደ አፉ ውስጥ ያስገቡ፤ ጨርቁ ግማሹ ከውጭ ይታይ። የጭስ ቫልቩ ክፍት ሆኖ ከሆነ ወደ ውስጥ የወደቀ ቁራጭ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል።

2. በባትሪ ብርሃን አፉን ይመልከቱ። ቀለበት የመሰለ ጠርዝ ካለ በጠባብ ካቻቢቴ ጫፍ በጥንቃቄ ከአንድ ጎን ይንቀሉት። የአሉሚኒየሙን ፊት አይቧጥጡ፤ አንድ ጭረት ጭስ የሚያልፍበት መንገድ ነው።

3. ፊቱን በለሰለሰ የሽቦ ብሩሽ ያጽዱ፣ የዘንጎቹን ጥርስ ይቦርሹ። ዳዶ በጣት ብቻ እስከ ሥሩ መሄድ አለበት፤ ካልሄደ ጥርሱን በጥርስ ማውጫ ያስተካክሉ ወይም ዘንጉን ይቀይሩ።

4. ጨርቁን ቆሻሻውን እንደያዘ ያውጡት። ጨርቁን ሳያወጡ ቱቦ የገጠሙ ሰዎች አሉ፤ ስለዚህ ጨርቁ ደማቅ ቀለም ያለው ቢሆን ይመረጣል።

ወደ ውስጥ የወደቀ ነገር ካለ ሞተሩን አያስነሡ። ብረት ከሆነ በማግኔት ዘንግ፣ አሉሚኒየም ወይም የጓርኒዚዮን ቁራጭ ከሆነ ጫፉ ወፍራም ቅባት በተቀባ እንጨት ያውጡት።

ደረጃ 4፦ ሁሉንም ሳያጠብቁ መስቀል

ከዚህ ደረጃ እስከ ሚቀጥለው ድረስ አንድም ብሎን በቁልፍ አይጥበቅ። ሁሉም በጣት ይገባል።

1. አዲሱን ጓርኒዚዮን በአፉ ያስቀምጡ። እየወደቀ ካስቸገረዎ ጥቂት ወፍራም ቅባት ይይዘዋል፤ ቅባቱ በኋላ ይቃጠላል። በዚህ ቦታ ሲሊኮን አይጠቀሙ፤ ሙቀቱን አይችለውም።

2. በዘንጎቹ ጥርስ ላይ የሙቀት ቅባት በስሱ ይቀቡ፣ የፊት ቱቦውን ያስገቡ፣ ዳዶዎቹን በጣት እስከሚነኩ ድረስ ብቻ ያሽከርክሩ። ቱቦው በእጅ መወዛወዝ መቻል አለበት።

3. ፋሸታውን አስቀድመው በቱቦው ላይ ያሳልፉ፤ ማርሚታው ከገባ በኋላ ፋሸታ ለማስገባት መንገድ የለም። ማርሚታውን እስከ መጨረሻው ይግፉ፤ አምራቹ የመግቢያ ልክ ካመለከተ እስከዚያ ይድረስ።

4. የኋላ መያዣውን ብሎን ከጎማ ትራሱ ጋር በጣት ያስገቡ። ወሳኙ ፈተና እዚህ ነው፦ ብሎኑ ማርሚታውን ሳይጎትቱ፣ ሳይገፉና ሳያነሡ በቀዳዳው ቀጥ ብሎ መግባት አለበት። ካልገባ ወደ ፊት ተመልሰው ቱቦውን በአፉ ላይ ጥቂት ያሽከርክሩ፣ የመግቢያውን ጥልቀት ይለውጡ። በጆሮውና በሻንሲው መካከል ክፍተት ከቀረ በሮንዴላ (ቀዳዳ ባለው ጠፍጣፋ የብረት ቀለበት) ይሙሉት፤ ክፍተቱን በብሎን ጎትቶ መዝጋት ግን መግቢያው ላይ የተናገርነው ስንጥቅ መጀመሪያ ነው።

5. መገጣጠሚያው በሞላ የሚያዝ ከሆነ ሞላዎቹን አሁን ይስቀሉ።

ደረጃ 5፦ የማጥበቅ ቅደም ተከተል

ማጥበቅ ከሞተሩ ይጀምርና ወደ ኋላ ይሄዳል። የኋላውን ቀድሞ ማጥበቅ የፊቱን ጠርዝ ያዛባል፣ ጓርኒዚዮኑም በአንድ ጎን ብቻ ይጨፈለቃል።

1. የቴስታታውን ሁለት ዳዶዎች እያፈራረቁ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ግማሽ ዙር ብቻ ያጥብቁ። በጠርዙና በቴስታታው መካከል ያለውን ክፍተት ከሁለቱም ጎን እያዩ እኩል እንዲሆን ያድርጉ። መጨረሻውን በኃይል መለኪያ ቁልፍ ይጨርሱ። ትክክለኛው ልክ በተሽከርካሪዎ የአገልግሎት መጽሐፍ ላይ አለ፤ ለግምት ያህል 6 ሚሊ ሜትር ጥርስ ወደ 10 ኒውተን ሜትር፣ 8 ሚሊ ሜትር ደግሞ ወደ 20 ኒውተን ሜትር ይቀበላል። የተቀባ ጥርስ በአንድ ዓይነት ኃይል የበለጠ ስለሚጠብቅ ከልኩ ዝቅተኛው ጎን ይሁኑ።

2. ፋሸታውን ያጥብቁ፤ የብሎኑ ጫፍ ወደ ጎማ፣ ወደ ሽቦ ወይም ወደ እግርዎ እንዳያመለክት ያዙሩት።

3. የኋላ መያዣውን በመጨረሻ ያጥብቁ። የጎማ ትራሱ እስኪፈርጥ አይጫኑት፤ ሥራው ንዝረቱን መብላት ነው።

4. ሴንሰሩን መልሰው ይግጠሙ፣ የሽቦውን ሶኬት ያገናኙ፣ ሽቦውን ከቱቦው አርቀው ያስሩ።

ደረጃ 6፦ ክፍተትና ንጽሕና

ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይንና በጣት ይከተሉ። ከፕላስቲክ፣ ከፍሬን ቱቦ፣ ከሽቦ፣ ከነዳጅ መስመርና ከአክሰሉ የጎማ መሸፈኛ ቢያንስ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ይራቅ፤ ፕላስቲክ ከሆነ የበለጠ ቢሆን ይሻላል። ከዚያ ተሽከርካሪው ላይ ሰው ያስቀምጡና መሪውን ሙሉ በሙሉ ግራና ቀኝ እያዞሩ፣ ሰውየውም እየዘለለ አሞርቲዘሩን እየጫነ እንደገና ይመልከቱ። ቆሞ የማይነካ ነገር ሲንቀሳቀስ ይነካል። የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮውን መመለስ አይርሱ።

ቱቦው ከማይዝግ ብረት ከሆነ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት በሙሉ በአልኮል ወይም በአሴቶን ይጥረጉት። የጣት አሻራ ቅባት በመጀመሪያው ሙቀት ተቃጥሎ የማይጠፋ ምልክት ያትማል። ለዚህ ሥራ ክሎሪን ያለበትን የፍሬን ማጽጃ በፍጹም አይጠቀሙ፤ ከጋለ ብረት ጋር ሲገናኝ መርዛም ጋዝ ይፈጥራል። የጠረጉበት ፈሳሽ እስኪተን ይጠብቁ።

ደረጃ 7፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ማስነሣት

ተሽከርካሪውን ወደ ውጭ ያውጡ። የጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ይገድላል፤ በሩን ከፍቶ መሥራትም አይበቃም።

ሞተሩን አስነሥተው በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡ በዝቅተኛ ዙር) ይተዉት። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነጭ ጭስና የተቃጠለ ዘይት ሽታ ይኖራል፤ ከፋብሪካ የቀረ ቅባት ነውና አይደንግጡ። ጭሱ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ካልጠፋ ግን ያጥፉና ቱቦውን የሚነካ ፕላስቲክ መኖሩን ይፈልጉ። ቱቦው ገና ሳይግል እጅዎን ሳያስነኩ ወደ መገጣጠሚያዎቹ ያቅርቡ፤ የሚመታ ትንፋሽ ከተሰማ ያፈሳል። ለ10 ደቂቃ ያህል ሠርቶ ሲጠፋ ሙሉ በሙሉ እስኪበርድ ይጠብቁና ሁሉንም ብሎኖች በተመሳሳይ ቅደም ተከተል እንደገና በቁልፍ ይፈትሹ። ጓርኒዚዮኑ በሙቀት ስለሚጨፈለቅ የቴስታታው ዳዶዎች ጥቂት መላላታቸው የተለመደ ነው።

ደረጃ 8፦ የነዳጁን መጠን ማስተካከል

አዲሱ ማርሚታ ጭሱን በቀላሉ የሚያሳልፍ ከሆነ ሞተሩ የበለጠ አየር ይስባል፤ ነዳጁ ካልጨመረ ድብልቁ ይሳሳል፣ የሳሳ ድብልቅም ሞተሩን ያግለዋል፣ ቢቆይ ፒስቶኑንና ቫልቩን ያበላሻል። ማርሚታው ብቻ ሲቀየር ብዙ ጊዜ ለውጡ ትንሽ ነው፤ ሙሉ ስብስብ ከተቀየረና የአየር ማጣሪያውም ከተከፈተ ግን ማስተካከሉ ግዴታ ነው።

ሞተርዎ ካርቡራቶር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ካለው ሦስት ቦታዎችን ይለዩ። የነዳጅ መስጫው ከሚኒሞ እስከ ሩብ ሲከፈት የሚገዛው ትንሹ ጄት (ነዳጅ በልክ የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ትንሽ ብሎን) ነው። ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ የሚገዛው መርፌው ሲሆን በላዩ ያለውን ቅንጥብ አንድ ቦይ ዝቅ ማድረግ መርፌውን ከፍ አድርጎ ነዳጅ ይጨምራል። ከሦስት ሩብ በላይ የሚገዛው ትልቁ ጄት ነው። በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ፣ በአንድ ቁጥር ብቻ ይለውጡ፤ ሁለቱን አብረው ከለወጡ የትኛው እንደረዳ አያውቁም። ሞተሩ ነዳጅ በኤሌክትሮኒክስ የሚረጭ ከሆነ ደግሞ ለዚያ ሞዴል የተዘጋጀ የነዳጅ መቆጣጠሪያ ይጨመራል ወይም የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ይስተካከላል።

ውጤቱን በካንዴላ ይፍረዱ። አዲስ ካንዴላ አስገብተው በተለመደው ፍጥነት ከነዱ በኋላ አውጥተው ጫፉን ይዩ፦ ቡናማ ከሆነ መልካም ነው፣ ነጭ ከሆነ ነዳጅ ይጎድለዋል፣ ጥቁርና ጥላሸታም ከሆነ ነዳጅ በዝቶበታል።

ችግር ሲገጥም

ነዳጅ ሲለቁ የሚተኩስ ከሆነ በመጀመሪያ የሚያፈስ መገጣጠሚያ ይፈልጉ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ትንሹን ጄት ይንኩ። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ይሠራና ካርቡራቶሩን ያለ ጥፋቱ ያበላሻል። የሚያፈሰውን ቦታ ለማግኘት ሞተሩ በርዶ ሳለ መገጣጠሚያዎቹን የሳሙና ውኃ ይቀቡና ከማርሚታው ጫፍ በዝቅተኛ ግፊት አየር ይንፉ፤ አረፋ የሚያወጣው ቦታ እሱ ነው። ከጥቂት ጉዞ በኋላ የሚታይ ጥቁር ጥላሸትም ያንኑ ያመለክታል።

የፊት ቱቦው በሚኒሞ ሳለ ቀይ እስኪሆን የሚግል ከሆነ ወዲያው ያጥፉ፤ ድብልቁ ሳስቷል ወይም ብልጭታው ዘግይቷል። በመገጣጠሚያው አካባቢ ቢጫና ሰማያዊ ቀለም መታየቱ ግን በማይዝግ ብረት ላይ የተለመደ ነው።

የማስጠንቀቂያ መብራት ከበራ ሴንሰሩ በትክክል መገናኘቱን፣ ከሴንሰሩ በፊትም የሚያፈስ ቦታ አለመኖሩን ያረጋግጡ። በፍሳሹ የገባ የውጭ አየር ሴንሰሩን ያታልለዋል፣ ኮምፒውተሩም ሳያስፈልግ ነዳጅ ይጨምራል።

በተወሰነ ፍጥነት ብቻ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ከተሰማ ብዙውን ጊዜ የሙቀት መከላከያው ቆርቆሮ ወይም የላላ ሞላ ነው። ድምፁ ከወራት በኋላ ቀስ እያለ ከጨመረ ደግሞ በማርሚታው ውስጥ ያለው የመስታወት ጥጥ ተቃጥሎ አልቋል፤ ማርሚታው የሚፈታ ከሆነ ጥጡን ብቻ መቀየር ይበቃል። ፍንጣሪ መያዣውን መረብ ደግሞ ጉልበት ሲቀንስ መጀመሪያ ያውጡት፤ በጥላሸት ሲደፈን ሞተሩ ጭሱን ማስወጣት ያቅተዋል፣ በሽቦ ብሩሽ አጽድተው መልሰው ይግጠሙት።